ሸክሙ የማን ይሁን? የድራይቨሮችን የውስጥ መገናኛ ስለ ማቅለል

(በጊኒር ለሕዝብ ክፍት ሆኖ ከቀረበ ትምህርታዊ ንግግር የተገለበጠ)



የዛሬው ርእሳችን ከብዙዎቻችን ዓይን የተሰወረ ነው። ኮምፒውተር ስንከፍት ማያ ገጹን እናያለን፤ የምንጽፍበትን ፕሮግራም እናያለን፤ ፕሪንተሩ ወረቀት ሲያወጣ እንሰማለን። በፕሮግራሙና በፕሪንተሩ መካከል ቆሞ የአንዱን ቃል ለሌላው የሚያደርሰውን አስተርጓሚ ግን አናየውም። ይህ አስተርጓሚ ድራይቨር ይባላል። ዛሬ የምንመለከተው ድራይቨሩ ከሥርዓተ ክወናው ጋር የሚነጋገርበት ቋንቋ ለምን ከባድ እንደ ነበረና በምን መንገድ እየቀለለ እንደ መጣ ነው።

ጉዳዩ የባለሙያዎች ብቻ እንዳይመስላችሁ። በእኛ አካባቢ አንድ ኮምፒውተር ለረጅም ዓመታት እንዲያገለግል ይጠበቃል። በትምህርት ቤት፣ በጤና ጣቢያና በንግድ ቤት ያለው ማሽን አምራቹ ከረሳው በኋላም እንዲሠራ እንፈልጋለን። ነገር ግን ዕቃው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ድራይቨሩን የሚያድስ ሰው በመጥፋቱ ብቻ ከአገልግሎት ውጭ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ድራይቨርን ማደስ ቀላል ወይስ ከባድ ነው የሚለው ጥያቄ እንግዲህ ዕቃችን ስንት ዓመት ይኖራል ከሚለው ጥያቄ ጋር የተሳሰረ ነው።

ምሳሌ የምወስደው ከሊኑክስ ነው። ሊኑክስ በ1991 ሊኑስ ቶርቫልድስ በሄልሲንኪ የጀመረው፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ሥርዓተ ክወና ነው፤ ስለዚህ የምናገረውን ሁሉ ማንኛችሁም ከፍታችሁ ማየት ትችላላችሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁለት በር ያለው ቤት

አንድ ድራይቨር ሁለት በር አለው። በአንዱ በር መሣሪያውን ይነካል፤ በሌላው በር ከርነል ከሚባለው የሥርዓተ ክወናው እምብርት ጋር ይገናኛል። የመሣሪያውን በር ጠባይ የሚወስነው አምራቹ ስለሆነ እኛ ልንለውጠው አንችልም። የከርነሉን በር ግን የሠሩት ሰዎች ናቸው፤ ስለዚህ ሊያሻሽሉትም ይችላሉ። የዛሬው ነገራችን ይህ ሁለተኛው በር፣ ማለትም የውስጥ መገናኛው ነው።

ለአብነት አንድ የእህል መጋዘን እናስብ። ባሌ በመኸርም በበልግም የሚያመርት አገር ነው። ስንዴ እርጥበቱ በደንብ ሳይወጣለት ሲከማች ከውስጥ እየሞቀ ይበላሻል። ስለዚህ በመጋዘኑ ውስጥ ሙቀት የሚለካ ትንሽ መሣሪያ ማኖር ብልህነት ነው። ኤልኤም75 የተባለው መለኪያ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። ከኮምፒውተሩ ጋር የሚነጋገረው በሁለት ሽቦዎች ነው፤ አንዱ የጊዜውን ምት፣ ሌላው መረጃውን ያመላልሳል። በሊኑክስ ውስጥም የራሱ ድራይቨር አለው።

የዚህ ድራይቨር ዋና ሥራ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፤ ከመለኪያው ቁጥሩን አንብቦ ወደ ሙቀት መጠን መለወጥ ነው። ይሁን እንጂ ከርነሉ ከዚህ ሌላ ብዙ ግዴታ ይጭንበታል። መሣሪያው ሲገኝ «ፕሮብ» በሚባለው ፈንክሽን ይቀበለዋል። ማኅደረ ትውስታ ይጠይቃል፤ የኤሌክትሪክ ኃይል እንዲበራ ያዝዛል፤ ስሙን ያስመዘግባል፤ ልኬቱን ለፕሮግራሞች የሚያሳዩ ፋይሎችን ይከፍታል። መሣሪያው ሲነቀል ደግሞ «ሪሙቭ» በሚባለው ፈንክሽን የወሰደውን ሁሉ በተገላቢጦሽ ቅደም ተከተል ይመልሳል። ሥራው ጥቂት፣ ሥርዓቱ ግን ብዙ ነው።

ስህተት የሚበዛው የት ነው?

በሊኑክስ ውስጥ ካለው ኮድ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ድራይቨር ነው። በ2001 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች የከርነሉን ኮድ በመሣሪያ መርምረው ባወጡት ጥናት፣ አንዳንድ ዓይነት ስህተቶች በድራይቨሮች ውስጥ የሚገኙበት መጠን ከቀረው የከርነል ክፍል ከ3 እስከ 7 እጥፍ እንደሚደርስ አሳይተዋል። ድራይቨሩም የሚሠራው በከርነሉ ውስጥ ስለሆነ የእርሱ ስህተት ኮምፒውተሩን በሙሉ ሊያቆም ይችላል።

ይህ የሆነው ድራይቨር ጸሐፊዎች ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም። ብዙዎቹ ጠንቅቀው የሚያውቁት የራሳቸውን መሣሪያ ነው፤ የከርነሉን ሥርዓት ሁሉ ግን በቃላቸው ሊይዙት አይችሉም። ከዚህም በላይ ስህተቱ የሚደበቀው ዘወትር በማይኬድበት መንገድ ላይ ነው። አምስት ነገሮችን በተከታታይ የሚወስድ ድራይቨር አራተኛው ላይ ቢከለከል፣ የቀደሙትን ሦስቱን መልሶ መውጣት አለበት። ሦስተኛው ላይ ቢከለከል ሁለቱን መመለስ አለበት። እያንዳንዱ የመሰናክል ነጥብ የራሱ የመመለሻ መንገድ ያስፈልገዋል። ጸሐፊው በጠረጴዛው ላይ ሲሞክር ግን ማኅደረ ትውስታ አይከለከልም፤ ኃይልም አይቋረጥም። ስለዚህ እነዚያ መንገዶች ሳይፈተኑ ወደ ዓለም ይወጣሉ።

ከዚህ በመነሣት የንግግሬን ዋና ሐሳብ ልናገር። መገናኛን ማቅለል ማለት የማስታወስን ሸክም ከብዙዎች ትከሻ አንሥቶ በአንድ ቦታ ማኖር ነው። ሺህ ሰው በየራሱ ሊያስታውሰው የሚገባ ግዴታ በሆነ ቦታ መረሳቱ አይቀርም። አንድ ቦታ ላይ አንድ ጊዜ በትክክል የተሠራ ግን ለሺሁም ይበቃል። ይህ እንዴት እንደተፈጸመ በሦስት ምሳሌዎች እናያለን።

የእድሩ ንብረት ጠባቂ

የመጀመሪያው ምሳሌ የተዋሱትን ስለ መመለስ ነው። በአንድ ሰፈር ድንኳኑን፣ ወንበሩንና ድስቱን ሰዎች እርስ በርስ የሚዋዋሱ ቢሆን፣ ደጋሹ ከእያንዳንዱ ጎረቤት የወሰደውን አስታውሶ መመለስ ይኖርበታል። ድካም ላይ ያለ ሰው አንዱን መርሳቱ የማይቀር ነው። እድር ሲኖር ግን ንብረት ጠባቂው በመዝገቡ ይጽፋል፤ ነገሩ ሲያበቃም በመዝገቡ መሠረት ዕቃውን ራሱ ይሰበስባል።

ተጁን ሄኦ የተባለ የሊኑክስ ገንቢ በ2007፣ በ2.6.21 እትም ውስጥ ያስገባው ሥርዓት ይህንኑ የሚመስል ነው። ድራይቨሩ ማኅደረ ትውስታ ወይም ሌላ ነገር ሲወስድ፣ ከርነሉ በዚያ መሣሪያ ስም በተከፈተ መዝገብ ላይ «ይህ ተወስዷል፤ የሚመለሰውም እንዲህ ነው» ብሎ ይጽፋል። መሣሪያው ሲነቀል፣ ወይም ፕሮብ በመካከል ሲሰናከል፣ ከርነሉ መዝገቡን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እየተከተለ ሁሉንም ይመልሳል። የሐሳቡ መነሻ የሃርድ ዲስክ ድራይቨሮችን ለማስተካከል የተደረገ ጥረት ነበር፤ ዛሬ ግን በሁሉም ዓይነት ድራይቨር ውስጥ ይገኛል። ብዙ ትንንሽ ድራይቨሮች ከዚያ ወዲህ ሪሙቭ የተባለውን ፈንክሽን ጨርሶ አያስፈልጋቸውም፤ የሚመልሱት ነገር ስለሌለ።

ሁሉም የሚደግመው ሥራ

ሁለተኛው ምሳሌ የሙቀት መለኪያችንን በቀጥታ ይመለከታል። በሊኑክስ የሙቀት ልኬት ለፕሮግራሞች የሚቀርበው በትንንሽ ፋይሎች አማካይነት ነው፤ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በፋይሉ ውስጥ 25000 ተብሎ ይነበባል፤ መስፈሪያው የዲግሪ አንድ ሺህኛ ስለሆነ። ቀደም ሲል እያንዳንዱ ድራይቨር እነዚህን ፋይሎች ራሱ ይሰይም፣ ራሱ ይከፍት፣ ቁጥሩንም ራሱ ወደ ጽሑፍ ይለውጥ ነበር። የመለኪያ ዓይነቱ ብዙ ስለሆነ ያው ሥራ በብዙ እጅ ተደጋገመ፤ የአንዱ ስያሜ ከሌላው በጥቂቱ ቢለይ የሚያነብበው ፕሮግራም ግራ ይጋባል።

የዚህ ክፍል ኃላፊ የሆነው ጉንተር ሮክ በ2016፣ በ4.9 እትም፣ አዲስ መገናኛ አስገባ። በአዲሱ ሥርዓት ድራይቨሩ «አንድ ሙቀት እለካለሁ፤ የማስጠንቀቂያ ወሰንም አለኝ» ብሎ ያስታውቃል፤ ሲጠየቅም ቁጥሩን ብቻ ይሰጣል። ፋይል መክፈት፣ መሰየምና ወደ ጽሑፍ መለወጥ የከርነሉ ፋንታ ሆነ። ለድራይቨሩ ጸሐፊ የቀረለት እርሱ ብቻ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ከዚያ መለኪያ ቁጥሩ እንዴት እንደሚነበብ። ጥሩ መገናኛ ማንንም ሰው ሌላው የሚያውቀውን እንዲደግም አይጠይቅም።

የማይሰማ መልስ

ሦስተኛው ምሳሌ ጥቂት የሚያስገርም ነው። ሪሙቭ የተባለው ፈንክሽን ሥራውን ሲጨርስ ቁጥር እንዲመልስ ተደርጎ ተሠርቶ ነበር፤ ዜሮ ከሆነ ተሳክቷል፣ ሌላ ከሆነ አልተሳካም ማለት ነው። ጸሐፊው ይህን ሲያይ «እንግዲያው መሣሪያው እንዳይነሣ እንቢ ማለት እችላለሁ» ብሎ ያስባል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የተሰካ ነገር ከተነቀለ ተነቅሏል፤ ከርነሉም የሪሙቭን መልስ ተቀብሎ መሣሪያው እንዲቆይ አያደርግም። እንቢ ብያለሁ ብሎ በመካከል ያቆመው ድራይቨር የወሰደውን ሳይመልስ ይቀራል፤ ቆይቶም የሌለን መሣሪያ የሚነካ ኮድ ማሽኑን ሊያቆም ይችላል።

መገናኛው የሚጠይቀው መልስ የሚሰማ ከሌለው፣ ጸሐፊውን ወደ ስህተት ይመራዋል። መፍትሔው መልሱን ጨርሶ ማስቀረት ነው። ይህን ረጅም ሥራ በአብዛኛው ያካሄደው ኡቨ ክላይነ-ኮኒግ የተባለ ጀርመናዊ ገንቢ ነው። በ2021 ከሥር ያለው ጠቅላላ መገናኛ ተለወጠ፤ በ2022 የእኛ ሙቀት መለኪያ የሚገኝበት የሁለት ሽቦ መሣሪያዎች ክፍል ተከተለ።

ትልቁ ክፍል «ፕላትፎርም» የሚባለው ነበር፤ በዚያ ያሉት ድራይቨሮች እጅግ ብዙ ስለሆኑ ሁሉንም በአንድ ቀን መለወጥ አይቻልም። ስለዚህ በ2023 ከአሮጌው ሪሙቭ ጎን «አዲሱ ሪሙቭ» የሚል ሁለተኛ በር ተከፈተ። ድራይቨሮቹ አንድ በአንድ፣ እያንዳንዱ በኃላፊው እየታየ፣ ወደ አዲሱ በር ተሻገሩ። ከዚያም በ2024 የቀድሞው ሪሙቭ ራሱ መልስ የማይጠይቅ ሆነ፤ «አዲሱ» የሚለው ጊዜያዊ ስምም ከአገልግሎት ሊወጣ በቃ። በሁለት ሽቦ መሣሪያዎች የፕሮብ ፈንክሽን ላይም ተመሳሳይ ሥራ ተሠርቷል፤ ብዙዎች የማይጠቀሙበት አንድ ግብአት በ2016 በተከፈተ ጊዜያዊ በር አማካይነት ቀስ በቀስ ተወግዶ፣ ነገሩ የተጠቃለለው በ2023 ነው። ድልድዩ ተሠራ፤ ሰዉ ሁሉ ተሻገረ፤ ከዚያ በኋላ አሮጌው ፈረሰ። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ።

ዋጋውን የሚከፍለው

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። መገናኛው ሁልጊዜ የሚለዋወጥ ከሆነ የቀደሙት ድራይቨሮች ምን ይሆናሉ? በሊኑክስ ዘንድ የተለመደው ሕግ፣ መገናኛውን የሚለውጥ ሰው በጋራ ማኅደሩ ውስጥ ያሉትን ተጠቃሚዎች ሁሉ አብሮ እንዲያስተካክል የሚጠይቅ ነው። ለውጥ ያማረው ሰው ዋጋውን ይከፍላል። በ2006 ዴቪድ ሃውልስ ለኢንተራፕት ተቀባይ ፈንክሽኖች ሁሉ ይሰጥ የነበረውንና ጥቂቶች ብቻ የሚፈልጉትን ሦስተኛ ግብአት ሲያስወግድ፣ ያንን ግብአት የሚቀበሉትን ድራይቨሮች ሁሉ መንካት ነበረበት።

ይህን ድካም ለመቀነስ ጁሊያ ላዋልና ባልደረቦቿ በፈረንሳይና በዴንማርክ «ኮክሲኔል» የተባለ መሣሪያ ሠርተዋል። ቃሉ በፈረንሳይኛ ሌሎች ተባዮችን የምትበላ ነጠብጣብ ያለባት ትንሽ ጥንዚዛ ማለት ነው። ገንቢው የለውጡን ሥርዓት አንድ ጊዜ ይጽፍለታል፤ መሣሪያው በመላው ኮድ ውስጥ ተመሳሳዩን ቦታ እየፈለገ ያስተካክላል።

በተቃራኒው ከርነሉ ለፕሮግራሞች የሚያሳየው የውጭ መገናኛ እንዳይሰበር በብርቱ ይጠበቃል። ትናንት 25000 ብሎ ያነበበው ፕሮግራም ነገም ያንኑ ማንበብ አለበት። ውስጡ የሚታደሰው ውጩ ሳይናጋ ነው።

የዚህን ሕግ ጥቅም ከራሳችን ታሪክ መረዳት እንችላለን። የግዕዝ ፊደል በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከመግባቱ በፊት፣ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ለየፊደሉ የየራሳቸውን ቁጥር ይሰጡ ነበር። በአንዱ የተጻፈ ሰነድ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። ዩኒኮድ ይህን ችግር አቀለለ፤ ታላቅ በረከትም ነው። ነገር ግን አሮጌዎቹን ሰነዶች ሰብስቦ የሚያሻግር አንድ የጋራ ማኅደር አልነበረም። የመለወጡ ሸክም በየመሥሪያ ቤቱና በየግለሰቡ ላይ ወደቀ፤ ያልተለወጠውም በየዲስኩ ውስጥ ሳይነበብ ቀረ። ማቅለል ያለ ማሻገር ግማሽ ሥራ ነው የምለው ስለዚህ ነው።

የሌሎች መንገድና የማቅለል ወሰን

ሌላ መንገድ የመረጡም አሉ። ማይክሮሶፍት በ2006 ገደማ አሮጌውን መገናኛ ሳያፈርስ በላዩ ላይ አዲስና ቀለል ያለ ንብርብር ሠራ። ኃይልን ስለ ማብራትና ስለ ማጥፋት ያለው ውስብስብ ሥርዓት በዚያ ንብርብር ውስጥ ገባ፤ የቀድሞ ድራይቨሮችም በነበሩበት ቀጠሉ። ጥቅሙ ከጋራ ማኅደር ውጭ ያለ ድራይቨር ሁሉ ወዲያው አለመሰበሩ ነው፤ ጉዳቱ አሮጌውም አዲሱም ጎን ለጎን ለዘመናት መጠበቅ ያለባቸው መሆኑ ነው።

የሊኑክስም መንገድ ተጎጂ አለው። ድራይቨሩን ወደ ጋራ ማኅደሩ ያላስገባ አምራች መገናኛው በተለወጠ ቁጥር ራሱ መከተል አለበት፤ ካልተከተለ ዕቃው በአሮጌ ከርነል ላይ ታስሮ ይቀራል። ብዙ የእጅ ስልኮች በዚህ ምክንያት ዕድሜያቸው አጥሯል። ጉግል በ2017 በአንድሮይድ 8 የአምራቹን ክፍል ከቀረው ሥርዓት በቋሚ መገናኛ ለመለየት የጀመረው ሥራም የስልኮችን እድሳት ለማቅለል የታሰበ ነበር።

ማቅለል ራሱም ወሰን አለው። ወደ እድራችን እንመለስ። ንብረት ጠባቂው ሰዓቱ ደረሰ ብሎ ድስቱን ሲወስድ ወጡ ገና እሳት ላይ ቢሆንስ? መሣሪያው ሲነቀል ከርነሉ በመዝገቡ ላይ ያለውን ማኅደረ ትውስታ ሁሉ ያስመልሳል፤ አንድ ፕሮግራም ግን የዚያን መሣሪያ ፋይል ከፍቶ ገና እየተጠቀመበት ሊሆን ይችላል። ሎራን ፓንሻር የተባለ ገንቢ በ2022 በሊኑክስ ገንቢዎች ጉባኤ ላይ ይህንኑ አደጋ በስፋት አስረድቷል። መዝገቡ የሚከተለው የመሣሪያውን ዕድሜ ነው፤ የተጠቃሚው ዕድሜ ግን ከዚያ ሊረዝም ይችላል። ስለዚህ ሸክሙን ወደ አንድ ቦታ ስናመጣ፣ የሚቀበለው ክፍል ሁኔታውን በሙሉ የሚያውቅ መሆኑን ማረጋገጥ ይገባናል።

ለእኛ የሚቀረው

ፕሮግራም የምትጽፉ ተማሪዎች፣ ምናልባት ድራይቨር አትጽፉ ይሆናል። ነገር ግን ሌሎች የሚጠቀሙበት ፈንክሽን መጻፋችሁ አይቀርም። ያን ጊዜ አራት ነገሮችን ጠይቁ። ተጠቃሚው አንድ ነገር ቢረሳ ምን ይደርስበታል? ሁሉም በየራሱ የሚደግመው ሥራ አለ? የምጠይቀውን መልስ የሚሰማው ማን ነው? መገናኛውን ብለውጥ የቀደሙትን ተጠቃሚዎች ማን ያሻግራቸዋል?

ከዚህ አልፋችሁ በሊኑክስ ሥራ ልትሳተፉ ብትፈልጉ በሩ ክፍት ነው። የማሻሻያ ሐሳብ የሚላከው በአብዛኛው ተራ ጽሑፍ በሆነ ኢሜይል ነው፤ ሰፊ መስመርም ውድ ማሽንም አይጠይቅም። «ስቴጂንግ» በተባለው የኮዱ ክፍል ውስጥ ለመስተካከል የሚጠባበቁ ድራይቨሮች አሉ፤ ብዙ ጀማሪዎች የተማሩት በዚያ ነው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ እኛ ዘንድ በብዛት የሚገኝ፣ ሌላው ዓለም ግን የጣለው አንድ ሀብት አለ፤ እርሱም አሮጌ ነገር ግን የሚሠራ ዕቃ ነው። መገናኛ ሲለወጥ የአሮጌው መሣሪያ ድራይቨርም አብሮ ይስተካከላል፤ ነገር ግን ማስተካከያው በእውነተኛው ዕቃ ላይ የሚሞክረው ሰው ላይገኝ ይችላል። ተጠቃሚ የሌለው የመሰለ ድራይቨር ከጊዜ በኋላ ከማኅደሩ ይወጣል። በጊኒር አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ያለ አሮጌ ማሽን ላይ አዲሱን ከርነል ጭኖ «ይሠራል» ወይም «እዚህ ላይ ተሰናክሏል» ብሎ የሚጽፍ አንድ ተማሪ፣ ያ ድራይቨር እንዲቆይ ምስክር ይሆናል። በዚህም የሚተርፈው የራሱ ማሽን ብቻ አይደለም፤ ያንኑ ዕቃ ይዞ የተቀመጠ፣ ስሙን የማያውቀው ሰው ማሽን ጭምር ነው።